የሥጋ ደዌና የሚደክመው ነርቭ

የሥጋ ደዌ በብዙዎች ዘንድ የቆዳ በሽታ ብቻ ተደርጎ ቢታሰብም፣ አካልን የሚያጎድለው በዋናነት በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች ሲያጠቃ ነው። በክርን በኩል የሚያልፈው አልናር ነርቭ ሲጎዳ፣ የመዳፍ ጥቃቅን ጡንቻዎች ስለሚደክሙ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይቆለመማሉ፤ ከጉልበት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ሲዳከም ደግሞ የእግር ፊት አልነሳ ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የስሜት መጥፋት ነው፤ ሕመም የማይሰማው እግር በእሾህ ሲወጋ፣ እጅም በጋለ ድስት ሲቃጠል ባለቤቱ ሳያውቀው ቁስሉ ይሰፋል።

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የደረቀ መገጣጠሚያን አያላላም። ይህ የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና ድርሻ ሲሆን፣ ባለሙያው የጡንቻን ኃይልና የቆዳን ስሜት በየጊዜው እየመረመረ አዲስ ጉዳትን ቀድሞ ይለያል፤ ጣቶችን ማፍታታትንና እግርን በየዕለቱ መፈተሽንም ለታካሚው ያስተምራል።

በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል፣ አለርት፣ ይህን ዕውቀት ለአፍሪካ ባለሙያዎች ሲያስተምር ቆይቷል። ዕውቀቱ እያለ ታካሚው ጣቱ ከደረቀ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ መላኩ ተገቢ አይደለም፤ የጤና ተቋማት የነርቭ ምርመራን መድኃኒቱ በሚጀመርበት ዕለት ሊጀምሩት ይገባል።