ቆራሌው ይውሰደው?

ዘንድሮ «አሮጌ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኗል። አሮጌ መኪና፣ አሮጌ ቤት፣ አሮጌ ራዲዮ... «ምን ያደርግልሃል፣ ለቆራሌው ሰጥተህ አትገላገልም?» ይባላል። እኔ ደግሞ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ነገር ነው፤ ያውም ስለ አሮጌ የእንጨት ጀልባና ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር። «ባሕር በሌለው አገር የምን ጀልባ አመጣህብን?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ፤ ጣና ድረስ እንመጣለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በስካንዲኔቪያ አገሮች፣ በየሐይቁና በየወንዙ ዳር፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያለፈው ትንሽ የእንጨት ጀልባ ይዘው አብረውት የሚያረጁ ሰዎች አሉ። «ይዘው» ስላችሁ ወረቀቱ በስማቸው ነው ማለቴ አይደለም። የእንጨት ጀልባ ገዝተው የሚረሱት ዕቃ አይደለማ! ምን መሰላችሁ፣ ክፉ ጠላቱ ከሥር የሚንሳፈፍበት ውሃ ሳይሆን ከላይ የሚዘንብበት ነው። ዝናቡ ጀልባው ውስጥ ሲጠራቀም አየር በማያገኘው ጥጋጥግ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከውሃ ወጥቶ ወራት ሲቆይ ደግሞ ጣውላው ደርቆ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል። ወደ ውሃ በተመለሰ ዕለት ውሃው በየስንጥቁ ይንዠቀዠቃል። የማያውቅ ሰው «በቃ፣ አለቀለት» ይላል። ባለቤቱ ግን የገባውን ውሃ እየቀዳ እያፈሰሰ ይጠብቃል፤ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ በራሱ ይዘጋል። ከዚያ በየዓመቱ ብርጭቆ ወረቀቱ አለ፣ ቫርኒሹ አለ፣ በጣውላና በጣውላ መሃል የሚጠቀጠቀው የጥጥ ክር አለ። ባለቤትነት ማለት ይኸው ነው።

ሞተሩም ያው ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ሚልዋኪ ከተማ ላይ ለገበያ ያቀረበው በ1909 (እ.ኤ.አ.) ነው። በስሙ የሚጠራው ሞተር ምርት በ2020 ተቋረጠ። ፋብሪካው ቆመ እንጂ ሞተሮቹ አልቆሙም! በ1950ዎቹ ከተሠሩት መካከል ዛሬም ገመዳቸው ሲሳብ የሚነሱ አሉ። ለምን? ባለቤቶቻቸው ይፈቷቸዋላ። ካንዴላውን አውጥተው ይጠርጋሉ፤ ካርቡራተሩን ፈትተው ያጥባሉ፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ሲደርቅ ይቀይራሉ።

አንዲት ነገር በተለይ ልብ በሉልኝ። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ ጣት የማታህል ፒን አለች። ሆን ተብላ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ናት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ቀድማ የምትሰበረው እሷ ናት፤ የውስጡ ማርሽ እንዳይሰበር እሷ ትሰዋለች። የሚያውቅ ሰው ሁለት ሦስት ፒን ኪሱ ውስጥ አይጠፋም፤ እዚያው ውሃው ላይ ቀይሮ መንገዱን ይቀጥላል። የማያውቀው «ሞተሩ ሞተ» ብሎ አዲስ ፍለጋ ይሄዳል። የብዙ ጉዳችን ታሪክ በዚህች ፒን ውስጥ አለ።

«ይሄማ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ጀልባውን ለታይታ ብቻ የሚያብለጨልጭ መኖሩን አልክድም። «አሮጌ ሞተር ውሃ ይበክላል» የሚልም አለ፤ ይሄኛው ቁም ነገር ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው የድሮ ሞተሮች ከሚጠጡት ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥሉ ሊተፉት ይችላሉ። ስለዚህ ጧት ማታ የሚሠራ ሞተር በተሻለ ቢተካ እሰየው ነው። ጠቤ ከአዲስ ነገር ጋር አይደለም። ጠቤ ሳይፈታ ከሚጥል ሰው ጋር ነው። አሮጌውን መፍታት የማይችል አዲሱንም ነገ ይጥለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የጥቂት ዓመት ዕድሜ ብቻ ነው።

አምስቱ የሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና አይስላንድ፣ ጣውላው እየተደራረበ የሚሠራውን ጀልባቸውን በተመለከተ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ዘንድ ያስመዘገቡት አንድን ጀልባ አይደለም። የተመዘገበው የመሥራትና የመጠቀም ወጉ ነው። ጀልባ ይበሰብሳል፤ እጅ ግን ካስተማሩበት ይወረሳል።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። በዚያ ሐይቅ ላይ ለዘመናት ሰውና ማገዶ ያመላለሰው የደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። እንደዚያም ተይዞ ዕድሜው አጭር ነው። ታንኳ እንዲኖር ታንኳ ሠሪው ምንጊዜም መኖር አለበት ማለት ነው። እኛስ ሠሪውን ምን አደረግነው? በዚህ ሙያ የሚታወቁትን ወይጦዎች ንቀናቸው፣ ማዕድ ነፍገናቸው ኖርን። ታንኳውን ተሳፍረን ባለ ታንኳውን አራቅነው! ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋንም እንደዚያው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡስ? ልብስ ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም። «ልጄ ይህን ሁሉ ተምሮ እጁን ግሪስ ሊቀባ?» የሚል አባት ሰምታችሁ አታውቁም? ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «ጀግና ማን ነው?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ተዋጊው ይጠራል፣ ንጉሡ ይጠራል፣ ገጣሚው ይጠራል። የተሰበረ ነገር ጠግኖ ያስነሳ ሰው ግን አንድም ቀን ተጠርቶ አልሰማሁም።

ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለበት መኪና፣ ፕላስቲኩ ሳይላጥ የቆመ ማሽን ብናይ ምን ይገርማል? ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። እስቲ ንገሩኝ፣ ለጥገና ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የበጀት መደብ ግን አልሰጠነውም።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። መሥሪያ ቤትም ሆነ ግለሰብ ዕቃ ሲገዛ «ዋጋው ስንት ነው?» ካለ በኋላ «ማን ይፈታዋል? ፒኗስ የት ትገኛለች?» ይበል። መልስ ከሌለ ዕቃውን አልገዛነውም፤ ተከራይተነዋል። ለሚፈታው ሰውም ደመወዙንም ክብሩንም እንስጠው።

ቆራሌውም በበራችን እየጮኸ ማለፉ አይቀርም። ከመጥራታችን በፊት ግን ካቻቢቴ ይዘን አንዴ እንክፈተው። ከፍተን፣ ጠርገን፣ ሞክረን እምቢ ካለ... ያኔ ይውሰደው።