ከዋጋው በፊት ጃኬቱን እንጠይቅ

የግማሽ ዓመት ፈተና እያለቀ ነው። ልጆቹ እረፍት ሲወጡ አንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ጎራ ይላል። ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ደግሞ የልጆቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጀልባ እንሳፈር!» እኔም ደግ ነው እላለሁ፤ ልጅ አገሩን በውሃም ይወቅ። ግን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። ብዙ ወላጅ የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል ብሎ ያስባል። አይጮኽም። አፉ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም። ስለዚህ «ከሰጠመ እንሰማለን» ብለን ጀርባችንን አንስጥ።

ጀልባ ስንከራይ ሁላችንም ዋጋ እንከራከራለን። እኔ የምለምናችሁ ከዋጋው በፊት «ላይፍ ጃኬት ለሁላችንም አለ ወይ? የልጅ ልክስ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። ባለፈው ዓመት ከልጅ ልጆቼ ጋር ወደ ዘጌ ስንሄድ ጃኬቶቹ መቀመጫ ሥር ታስረው ተቀምጠው ነበር። እንዲያወጣልን ስጠይቀው ባለጀልባው፣ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ዛሬ ውሃው ጸጥ ብሏል» አለኝ። «ጸጥ ካለማ ልጄ፣ ለመልበሱም ይመቻል» አልኩት። ስቆ አወጣልን።

ጃኬቱ ልክ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቁና ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሳ፤ ከዚያ ጃኬቱን ከትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከላዩ ላይ ይወልቃል። ለትንንሾቹ በእግራቸው መካከል የሚታሰር ጠፍር ያለው ይሻላል። ልጅ አቅፎ መያዝ የጃኬትን ቦታ አይተካም። ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ ጀልባ ላይ መውጣትም አደጋ ነው፤ እናት ብትወድቅ ልጁን ከጀርባዋ ለመፍታት ጊዜ አታገኝም። ልኩ ካልተገኘ ጨቅላው ከአያቱ ጋር የብስ ላይ ይቆይ።

ሰዓቱንም እንምረጥ። ጣና ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቁ ቦታ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል። ጠዋት መስተዋት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሊናወጥ ስለሚችል በጠዋት ሄዶ በጊዜ መመለስ ይሻላል።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ጎረቤት ነው። ሐይቁ የእኛ የሽርሽር ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሌላው ሰው መንገድና ማሳ ነው። በጣና ላይ እንጨት ጭኖ ወይም ዓሣ ለማጥመድ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ታያላችሁ። ታንኳው ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ባለሞተሩ በፍጥነት አጠገቡ ሲያልፍ የሚያስነሳው ማዕበል ጭነቱን ሊያረጥብ፣ ብሎም ሊገለብጠው ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ላይፍ ጃኬት የለውም። በዚያው የዘጌ ጉዞ አንድ ታንኳ ፊት ለፊታችን ሲመጣ «ልጄ፣ ቀስ በልልን» አልኩት፤ ሞተሩን አበረደ። ባለታንኳው መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን፤ ልጆቹም እጃቸውን አውለበለቡለት። ባለጀልባው የሚቸኩለው እኛ የቸኮልን መስሎት ነው። ከፋዩ «አንቸኩልም» ካለ እሱም አይቸኩልም።

እንዲሁም በውሃው ላይ የተንሳፈፉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ስታዩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ዞር ብሎ ማለፍ ነው። ለፎቶ ብላችሁም ጉማሬ ዘንድ «ጠጋ በልልን» አትበሉ፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። መጠጥ የቀመሰ ሰው በሚነዳው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ዋና ስለቻላችሁ ብቻ ዘላችሁ አትግቡ፤ የሚሰጥም ሰው አዳኙንም ይዞ ይወርዳል። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ልጁ ከወጣ በኋላ ቁልቁል መዝቀዝቅ ወይም ሆዱን መጫን የቆየ ልማድ ነው፤ ጊዜ ያባክናል፣ ይጎዳልም። በጀርባው አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ጫን ጫን አድርጉ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ጎኑ አስተኙት። ደህና የሆነ ቢመስልም በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው፤ ውሃ የገባበት ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ይችላል።

ልጆች ምክራችንን ቢረሱ እንኳ ያደረግነውን አይረሱም። አያት ጃኬቱን ሲለብስ ያየ ልጅ እንዲለብስ አይለመንም። እናቱ ለባለታንኳው ስትል «ቀስ በልልን» ስትል የሰማ ልጅም ነገ መሪ ቢጨብጥ እግረኛ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

መልካም እረፍት ይሁንላችሁ። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።