ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ አንድ አስተያየት ሲስፋፋ ተመልክቻለሁ፤ ይኸውም ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ በስልኩ ላይ የሚሰካ ተማሪ ኋላ ቀር ነው፣ ሽቦ አልባውን በጆሮው የሚወትፍ ግን የሠለጠነ ነው የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ለመምህራኖቻችን፣ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቼ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንመልከት። የማዳመጫው መሰኪያ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ የሚታዩት ጥቁር ቀለበቶች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ስለሆኑ ብረቱን ከአራት ይከፍሉታል። ጫፉ ለግራ ጆሮ፣ ሁለተኛው ለቀኝ ጆሮ፣ ሦስተኛው ለሁሉም የጋራ መመለሻ፣ አራተኛው ለማይክሮፎን ነው። በአንዳንድ አሮጌ ስልኮች ግን የሦስተኛውና የአራተኛው ቦታ ተለዋውጦ ይገኛል። ከመካከላችን የሰው ማዳመጫ ተውሶ ሲሰካ የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ የሙዚቃ መሣሪያው ብቻ ከሩቅ የሚሰማው ቢኖር፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የጋራው መመለሻ ስለሚቋረጥ ለሁለቱ ጆሮዎች እኩል የተላከው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የሚለያየው ብቻ ይቀራል። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭኖ ቢይዝ ዘፋኙ ይመለስለታል። እኔ ይህን ያወቅሁት ደኅናውን ማዳመጫዬን ተበላሸ ብዬ ከጣልሁ በኋላ ነው!

አፕል የተባለው ኩባንያ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2016 አይፎን 7ን ያለዚህ ቀዳዳ አወጣ፤ ሌሎችም ብዙዎች ተከተሉት። ቀዳዳው ሲቀር ለሌላ ዕቃ ቦታ ይገኛል፣ ውሃም አይገባም ይባላል። የቦታው ነገር እውነት ነው። የውሃው ግን አያሳምነኝም፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 7 ቀዳዳው እያለው ውሃን ይቋቋም ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሬዲዮ ጉዳይ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ያላቸው ስልኮች አብዛኛዎቹ የማዳመጫውን ሽቦ አንቴና አድርገው ነው ጣቢያ የሚይዙት። በፊዚክስ እንደ ተማርነው የ97.1 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፣ ሩቡም 77 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር የሚያህለው ሽቦ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ሽቦ አልባው ማዳመጫ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። በቤታችን ኢንተርኔት ስላልነበረ፣ እኔና ታናሽ እኅቴ አንዱን ማዳመጫ እርስዋ ግራውን እኔ ቀኙን ይዘን፣ በእናታችን ስልክ ትምህርቱን እንከታተል ነበር። እኅቴ ስትነቃነቅ ሽቦው ይነቀልና ጣቢያው ይጠፋል፤ በዚህም ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ ማገናኛ በገበያ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ተራው ማገናኛ እንደ ተሰካ ስልኩን መሙላት አይቻልም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ለልጆቻቸው ስልክ ለመግዛት ያሰቡ ወላጆች፣ ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ማዳመጫ ሰክተው ሬዲዮውን ከፍተው እንዲሞክሩት በትሕትና እለምናለሁ።