የተቃጠለው ጥቅል ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም

በሀብሩ ወረዳ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የውኃ መሳቢያው ሞተር ሲቃጠልበት ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ጭኖ ወልድያ ያደርሰዋል። ሞተሩ እንደ አዲስ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ሰንበት ብሎ ዳግም ከተቃጠለ ወይ «ሽቦው ፎርጅድ ነው» ይባላል፣ ወይ «መብራቱ ነው»። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በእኔ እምነት ግን ሳይመረመር የሚታለፍ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ እርሱም የሽቦው ጫፍ በሊድ ከመያያዙ በፊት ኢናሜሉ የተገፈፈበት መንገድ ነው።

የጥቅል ሽቦ እርቃኑን ያለ መዳብ ይምሰል እንጂ በስስ ኢናሜል የተለበጠ ነው። ልባጡም አንድ ዓይነት አይደለም። ፖሊዩሬቴን የተቀባው ሽቦ 380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ሊድ ውስጥ ሲነከር ልባጡ በራሱ ይለቃል፤ ጭሱ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑን ግን በጠባብ ሱቅ የሚሠራ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ለሞተር በብዛት የሚመረጠው በፖሊአሚድ ኢሚድ የተለበጠው ሽቦ ሙቀትን እንዲቋቋም የተሠራ ስለሆነ በሶልደር ሙቀት አይለቅም፤ መፋቅ አለበት። በላይተር ማቃጠል የተለመደው አቋራጭ ነው። እሳቱ ግን ጥላሸትና የመዳብ ኦክሳይድ ትቶ ያልፋል፤ በእነዚህም ላይ ሊድ አይይዝም። መዳቡን እስካልከረከሩት ድረስ ምላጭና የብርጭቆ ወረቀት ይሻላሉ።

ችግሩ የሚብሰው በርካታ ቀጫጭን ሽቦዎች በአንድነት ሲጠቀለሉ ነው። አራቱ ተገምደው ከላይ ብቻ ቢፋቁ የውስጠኛው ጎን እንደተለበጠ ይቀራል። አንዱ ሽቦ ሳይገናኝ ቢቀር የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ከረንት ይሸከማሉ፤ ሙቀት ከከረንት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ በእያንዳንዳቸው የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጫፍ ከመገመዱ በፊት ለየብቻው ይፋቅ።

ማስረጃው አሳሳች መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በስታር በተገናኘ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የአንዱ ፌዝ መጋጠሚያ ቢለቅ የሚቃጠሉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ጥፋቱ ያለበት ፌዝ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። የከሰለውን ብቻ የሚያይ ሰው ሽቦውን ቢወቅስ አይፈረድበትም።

እኛ ተማሪዎች የጥቅል ዙር ብዛት አስልተን እንመረቃለን፤ ጫፍ ፍቀን ግን የተፈተንን ጥቂት ነን። ይህን «የእጅ ሥራ» ብሎ ለጠጋኙ መተው ተገቢ አይመስለኝም። የተግባር ፈተናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መጋጠሚያዎቹ መከለያ ቱቦ ከመልበሳቸው በፊት ከባለ 12 ቮልት ባትሪ በ55 ዋት የመኪና አምፖል በኩል ከረንት በጥቅሉ ውስጥ ይለፍ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በመልቲሜትር በሚሊቮልት ይለካ። መልቲሜትሩ በኦም መለኪያው የማይለየውን ጥቂት ሬዚስታንስ በዚህ መንገድ ያሳያል፤ ከሌሎቹ ጎልቶ ከፍ ያለ ንባብ የሰጠው መጋጠሚያም ሞተሩ ወደ መርሳ ከመጫኑ በፊት ተፈትቶ እንደገና ይፋቃል።