ቅዱስ ሙያ ኪራይ አይከፍልም

እኔ የምለው፣ ይሄ «ቅዱስ ሙያ» የሚሉት ነገር ማንን ነው የሚቀድሰው? የጤና ባለሙያ ስለ ደመወዝ አፉን በከፈተ ቁጥር ቃለ መሐላው ይጠቀስበታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ቅጽል ሲበዛ የጠፋውን ስም ፈልጉ» እላቸው ነበር። እዚህ የጠፋው ስም ገንዘብ ነው። እስቲ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ነርስ ለሚኒባሱ ረዳት ቃለ መሐላውን ያንብብለት። ረዳቱ ያሳፍረዋል፤ በየትኛው ትርጉም እንደሆነ ለእናንተ ትቻለሁ።

ደሴ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ አልፎ ከአፋር ጭምር በሽተኛ የሚላክለት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲለቀቁ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ነበር። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብተው ሥራ ያስጀመሩት እነዚሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ያኔ «ጀግና» ተባሉ። ጀግና እንጀራ አይበላም መሰለኝ!

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ኑሮው ባሰ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየክልሉ ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎች ታሰሩ።

«በሽተኛው ምን አጠፋ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ድርድር እስኪያልቅ አትጠብቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ማቆምን ይከለክላል። ግን እኮ ያው አዋጅ ለክርክሩ ጊዜያዊ ቦርድ አዘጋጅቷል። የመንግሥት ሐኪም በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ ክልከላው ሲደርሰው ቦርዱ ቀረበት። ለእሱስ ዳኛው ማነው? ቀጣሪው ራሱ?