እንቁላሉን ማን በላው?

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ የፍቅር አይደለም፤ የዶሮ ነው፡፡ አትሳቁ! እስከ መጨረሻው ስታነቡት የአንዲት ልጅ ዕጣ እንዳለበት ታያላችሁ፡፡ ጠያቂያችን እንዲህ ትላለች፡፡

«ዕድሜዬ 25 ነው፡፡ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ሳጣ፣ እቁብ ሲደርሰኝ 15 የፈረንጅ ቄቦች ገዝቼ በተከራየሁት ግቢ ጓሮ ማርባት ጀመርኩ፡፡ መጀመሪያ በቀን 12 እና 13 እንቁላል እለቅም ነበር፡፡ ለሰፈሩ ሱቅ እያስረከብኩ የቤት ኪራዬን እስከ መክፈል ደርሼ ነበር፡፡ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ቢበዛ 7 ባገኝ ነው፡፡ አብራኝ የምትኖረው ከገጠር ያመጣኋት የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት፡፡ 14 ዓመቷ ነው፤ ግማሽ ቀን ትማራለች፡፡ እየደበቀች ትሸጣለች ብዬ ጠረጠርኳት፡፡ ስጠይቃት ከማልቀስ በቀር መልስ የላትም፡፡ ወደ ሀገሯ ልሸኛት ቆርጬ ሳለ፣ ባለፈው ሰኞ ጭዱ ላይ አስኳል ፈስሶ አየሁ፡፡ ለመሆኑ ዶሮ የራሷን እንቁላል ትበላለች እንዴ? ብትበላስ በቀን አምስት ስድስት እንቁላል የት ታደርሰዋለች? ልጅቷን ልሸኛት ወይስ ልተዋት?»

እህቴ፣ የልጅቷን የአውቶቡስ ትኬት እንዳትቆርጪ! ዶሮ እንቁላል ትበላለች፤ ያውም ጥርግ አድርጋ! አንዷ ስትሰብረው ሌሎቹ ይሻሙታል፡፡ ቅርፊቱንም ሳይቀር ይጨርሱታል፡፡ አንዳንዴ የሚተርፈው እርጥብ ጭድ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ «ቅርፊት አላየሁም» ማለት «ቤቴ ሌባ አለ» ማለት አይደለም፡፡

ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ቀን ራስሽ ዘበኛ ሁኚ፡፡ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ጠዋት ነውና፣ ከንጋት እስከ ቀትር ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ፡፡ ጓደኛዋ እስክትጥል ከጎጆው ደጃፍ የምትንጎራደደዋን፣ ምንቃሯ ላይ አስኳል የደረቀባትን ያዣት፡፡ ወንጀለኛዋ እሷ ናት! የፈሰሰ ነገር ሳይኖር እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ ከተሰወረ ደግሞ አይጥ ወይም ሽለምጥማጥ ሊሆን ይችላል፡፡ ዶሮዎቹ ላባቸውን እያራገፉ ከሆነም መጣሉን ራሱ ቀንሰው ይሆናል፡፡

ለምን ትበላለች? ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በአጋጣሚ ነው፡፡ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል እግር ሲረግጠው ይሰበራል፤ ትቀምሰዋለች፤ ይጥማታል፤ ከዚያ ወዲያ ራሷ መስበር ትለምዳለች፡፡ የአንድ እንቁላል ቅርፊት ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል፡፡ የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ በየቀኑ ማለት ይቻላል የምትጥል ስለሆነች፣ በቀን 4 ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፡፡ ይህን ከፉርሽካና ከምሳ ትራፊ አታገኘውም፡፡

እንግዲህ መድኃኒቱ ይህ ነው፡፡ አንደኛ፣ የጣይ ዶሮ መኖ ስጫቸው፡፡ ለአንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም፣ ለ15ቱ 1 ኪሎ ከ7 ግድም መሆኑ ነው፡፡ ውሃ ከፊታቸው አይጥፋ፤ የጠማት ዶሮ ፈሳሽ ፍለጋ እንቁላል ትሰብራለች፡፡ የእንቁላል ቅርፊት መስጠት ጥሩ ነው፤ ግን ምጣድ ላይ አድርቀሽ፣ አልመሽ ወቅጠሽ ከመኖው ጋር ቀላቅዪው፡፡ ግማሽ ቅርፊት እንዳለ ከወረወርሽላት ግን መስረቅን አስተማርሻት ማለት ነው!

ሁለተኛ፣ መጣያውን አስተካክዪ፡፡ ለ15 ዶሮ ሦስት ወይም አራት፣ ወርዱም ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ይበቃል፡፡ ጭዱ ወፈር ይበል፡፡ ደጃፉ ላይ የጆንያ መጋረጃ ጣል አድርጊበት፤ ጨለምለም ሲል ለመጫወቻ አይመችም፡፡ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ልቀሚ፡፡ ጾም ገብቶ ገበያው ቢቀዘቅዝ እንኳ እንቁላል ጎጆ ውስጥ አይደር፡፡

ጎረቤት ምን እንደሚመክርሽ አውቃለሁ፤ «እንቁላሉን ቀድተሽ ሚጥሚጣ ሙዪበት፣ አቃጥሏት ትተወዋለች!» እውነቱን ልንገርሽ? ሰውን የሚያቃጥለው ሚጥሚጣ የወፍን ዘር አያቃጥልም፡፡ ሚጥሚጣሽን ለክትፎ አስቀምጪው! ይልቅ ከእንጨት የተጠረበ እንቁላል ወይም እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ጎጆው ውስጥ አኑሪ፡፡ ብትነቁረው አይሰበር፣ አይጥም፤ ሲደክማት ትተዋለች፡፡ ዋናዋን አጥፊ ለአንድ ሳምንት ያህል ለብቻዋ አግልያት፡፡ ምንቃሯን ራስሽ ልቁረጥ እንዳትዪ፤ ስቃይ ነው፡፡ ይህ ሁሉ ተደርጎ አልመለስ ካለች… በዓል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ እኔ አልነግርሽም፡፡

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ፡፡ እህቴ፣ ዶሮዋ በአንድ ሳምንት ልትታረም ትችላለች፤ በሐሰት ሌባ የተባለ ልጅ ግን ነገሩን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፡፡ ያለቀሰችው ጥፋተኛ ስለሆነች ነው ብለሽ ፈርደሽባት ይሆናል፡፡ ሀገሯን ትታ በሰው ቤት ያደረች የ14 ዓመት ልጅ፣ የምታምናት ብቸኛ ዘመዷ ስትከሳት ከማልቀስ በቀር ምን ታድርግ? ብትሸኛት ደግሞ ትምህርቷ ተቋረጠ፣ ሀገር ቤትም «ሰርቃ ተባረረች» የሚል ስም ተከተላት ማለት ነው፡፡ እንቁላሉም መጉደሉን አይተውም!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ አድርገሽ «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» በያት፡፡ ታላቅ ነኝ ብለሽ አትኩሪ፤ ይቅርታ ታላቅን አያሳንስም፡፡ ቀጥሎ አንድ ደብተር ግዢና የተለቀመውንና የተሰበረውን ሁለታችሁም በየቀኑ ጻፉበት፡፡ ከዚያ በኋላ ቁጥር ሲጎድል መጀመሪያ ጭዱን እዪ፣ ቀጥሎ ደብተሩን፡፡ የልጅቷን ፊት ግን ለምርመራ አታገላብጪው፡፡

የደረስሽበትን ጻፊልኝ፡፡ ሌሎቻችሁም ደብዳቤያችሁን እጠብቃለሁ፡፡ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!