የብር ጣሪያው ሲወርድ የመንዝ ተቋራጭ የት ይግባ?

በአገራችን የሥራ ተቋራጭ ጠቅላላ፣ የሕንፃ፣ የመንገድ እየተባለ ለረጅም ዓመታት ከ1 እስከ 10 በደረጃ ሲመደብ ኖሯል። ዝቅ ያለ ደረጃ የያዘው ሊወስድ የሚችለው ሥራ በብር ይገደባል። አቅም የሌለው ሰው ድልድይ ሠርቶ ሕዝብ እንዳይፈጅ ነውና ሐሳቡ ክፋት የለውም። ችግሩ ጣሪያው በብር መለካቱ ነው።

ብር ደግሞ ባለበት አይቆም! በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ዘለለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

እስቲ መሐል ሜዳ ላይ አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ይሠራ እንበል። ድንጋዩ ያው የመንዝ ድንጋይ ነው። ዋጋው ግን ጣሪያውን በጥሶ ወጥቷልና፣ ትናንት የሠራው የአገሩ ልጅ ዛሬ «ደረጃህ አይፈቅድም» ይባላል። መርሐቤቴማ ይብሳል፤ ሲሚንቶው የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ዓለም ከተማ እስኪደርስ የጭነቱ ሒሳብ ራሱ ጣሪያውን ይበላዋል።

ባለ ከፍተኛ ደረጃውስ? ከታርማበር ታጥፎ፣ ያንን ብርድ ችሎ ለአራት ክፍል አይመጣም። ፈቃዱን ያከራያል እንጂ! ስሙ የትልቁ፣ ላቡ የትንሹ፤ መሐንዲሱ በወረቀት ብቻ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማን ይጠየቅ?

የሚመለከታችሁ ሹማምንት፣ ጣሪያውን በየዓመቱ ከግንባታ ዋጋ ጋር አስተካክሉት። የሩቅ ወረዳ የማጓጓዣ ወጪም ከስሌቱ ይውጣ።